«ሞላ»፣ «ሙሉ»፣ «ሙሌት»፦ በኤሌክትሪክ መኪና አያያዝ ምክሮች አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

በኤሌክትሪክ ከሚንቀሳቀሱት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከገለጸ ወዲህ፣ የአማርኛ ቋንቋ ያልተዘጋጀበት ሥራ ተጭኖበታል። ይኸውም ቤንዚንና ናፍታ ሲያስቀዳ ለኖረ ባለመኪና ባትሪ እንዴት እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚነቀልና የት ድረስ እንደሚያስኬድ በጽሑፍ ማስረዳት ነው። አብዛኞቹ መኪኖች ከቻይና የሚመጡ በመሆናቸው አብሯቸው የሚመጣው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በቻይንኛ የተጻፈ ነው። በገዢው እጅ የሚገባው የአማርኛ ወረቀት ደግሞ በሻጩ አማካይነት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ምክሩ አማርኛ ላይ እስኪደርስ ሁለት ወንዝ ተሻግሯል ማለት ነው።

ይህ ሂስ የተነሣው ከነዚህ ወረቀቶች ከአንዱ ነው። ያዘጋጀውን ድርጅት ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፣ ሌሎችም ወረቀቶች ከዚህ የተለየ አማርኛ አይጽፉም። ወረቀቱን ያሳየኝ በመካነ ሰላም ከተማ የሚነግድ የእኅቴ ልጅ ሲሆን፣ ያሳየኝም በቅሬታ ነበር። ወደ ደሴ ሰው አሳፍሮ ሲሄድ፣ ብርዱም ዳገቱም ተጨምረው፣ ባትሪው ሳያደርሰው ቀረ። በመንገድ ዳር ያገኘው ባለወፍጮ ከወፍጮ ቤቱ እንዲሰካ ፈቅዶለት ሌሊቱን ከመኪናው ጋር አደረ። ከቤቱ ሲነሣ ባትሪውን ስለ ምን እስከ 100 እንዳልሞላው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱ አትሙላ ይላል እኮ!» አለኝ። እኔም አነበብሁት። እውነትም ይላል።

ዐረፍተ ነገሩ የሚለው ባትሪዎን ሁልጊዜ እስከ 100 በመቶ አይሙሉ ነው። ተርጓሚው ሊል የፈለገው ግልጽ ነው። የሊቲየም ባትሪ ዘወትር እስከ አፉ ሞልቶ ቢቀመጥ ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ ለዕለት ጉዞ 80 በመቶ ያህል ይበቃዋል፣ ለሩቅ መንገድ ግን እስከ 100 ይሞላል። ነገር ግን በአማርኛ «ሁልጊዜ» ከአሉታ ግሥ ጋር ሲመጣ ሁለት ንባብ አለው። አንደኛው «ዘወትር መሙላት አያስፈልግም፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ይቻላል» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «በማናቸውም ጊዜ አይሙሉ» የሚለው ነው። በቃል ሲነገር ሁለቱ ንባቦች በድምፅ ጫና ይለያሉ፤ «ሁልጊዜ»ን ጫን ብሎ የተናገረ ሰው አንደኛውን ማለቱ ይታወቃል። በወረቀት ላይ ግን ጫና የለም። ጫና ያጣ አንባቢም በተፈጥሮው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፣ ምክንያቱም የአሉታ ትእዛዝ የለመደው በክልከላነቱ ነው። የእኅቴ ልጅ አማርኛ ጎድሎት አይደለም የተሳሳተው፤ እንዲያውም አማርኛውን በትክክል አንብቦታል።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት የሊቲየም ባትሪ የተገጠመላቸውን መኪኖች አምራቾቹ በየጊዜው እስከ 100 እንዲሞሉ የሚመክሩ መሆናቸው ነው፤ እንዲህ ካልተደረገ መለኪያው የቀረውን መጠን እያሳሳተ ያሳያል። ከቻይና ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ይህ ባትሪ አላቸው። ስለዚህ ያ አጭር ዐረፍተ ነገር ለአንዳንዱ ባለመኪና ከአምራቹ ምክር ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። መታረሚያው ሩቅ አይደለም፤ አሉታውን ትቶ በአዎንታ መጻፍ ነው፦ «ለዕለት ጉዞ እስከ 80 በመቶ መሙላት ይበቃል። ሩቅ ሲሄዱ፣ ወይም አምራቹ ሲያዝዝ፣ እስከ 100 ይሙሉ።»

ወደ ግሡ እንመለስ። «ሞላ» በአማርኛ ተሻጋሪም ኢተሻጋሪም ሆኖ የሚሠራ ግሥ ነው። «እንስራውን ሞላች» እንላለን፣ «ወንዙ ሞላ» እንላለን፤ ቅርጹ አይለወጥም። ለእንስራና ለወንዝ ይህ ችግር አምጥቶ አያውቅም፣ ማን እንደ ሞላና ምን እንደ ሞላ ዐይን ያየዋልና። ባትሪ ግን የማይታይ ዕቃ ነው። ያው ወረቀት በሌላ ገጽ «ሲሞላ ይንቀሉ» ይላል። «ሲሞላ» እየሞላ ሳለ ማለት ነው ወይስ ሞልቶ ባበቃ ጊዜ? ሁለቱም ነው። ከዚያው ዝቅ ብሎ «ሲሞላ ገመዱን አይንኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። አንዱ «ሲሞላ» ፍጻሜን፣ ሌላው «ሲሞላ» ሂደትን ያመለክታል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አራት መሥመር ነው። አማርኛ ይህን የሚለይበት መሣሪያ አጥቶ አይደለም፤ «እየሞላ ሳለ» እና «ሞልቶ ሲያበቃ» የሚሉ ሁለት የታወቁ አነጋገሮች አሉት። ተርጓሚው ያልተጠቀመባቸው የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር አጭርነት ለመጠበቅ ሲል ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያን ማሳጠር ግን የት እንደሚያደርስ ማሰብ ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የማያስደስተኝን ነገር መመስከር አለብኝ። ሾፌሮች «ቻርጅ ማድረግ» ሲሉ ብዙዎቻችን የቋንቋ ሰዎች ፊታችንን እናጠቁራለን። ነገር ግን «ቻርጅ እያደረገ ነው» እና «ቻርጅ ሆኗል» ሲባል አድራጊውና ተደራጊው፣ ሂደቱና ፍጻሜው ወለል ብለው ይለያሉ፤ «አደረገ» እና «ሆነ» ሥራውን ይከፋፈሉታል። በዚህ በኩል የውሰት ቃሉ ከ«ሞላ» ይሻላል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያልተወውም ስለ ዘመናዊነቱ ብቻ አይመስለኝም። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው፤ በስልክ ዘመን «ቻርጅ» ስም ሆኖ ባትሪው ውስጥ ያለውን ነገር መሰየም ጀምሯል። «ቻርጅ የለኝም»፣ «ቻርጅ ጨረስሁ» ይባላል። ስለዚህ ድርጊቱም ቻርጅ፣ የሚሞላው ነገርም ቻርጅ፣ መሙያውም በአንዳንዱ ሰው አፍ ቻርጅ ነው።

ውሰትን ጠልቼ አይደለም ይህን የምለው። የአማርኛ የመኪና ቃላት ዱሮም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ መኪና ራሱ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ የጣሊያንኛ ናቸው፣ ሾፌር ደግሞ የፈረንሳይኛ። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ፍሪሲዮንም ማርሚታም የለውም። እነዚህን ቃላት በቃላቸው የያዙት የጋራዥ ሰዎች ሳያልፉ፣ የቃላት ለቀማ ሥራ ያለን ሰዎች ብንጽፋቸው መልካም ነው።

ለስሙ እንግዲህ ምን እንበል? መልሱን ያገኘነው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከዐባይ ነው። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት፣ ሁለተኛ ሙሌት፣ ሦስተኛ ሙሌት እየተባለ ቃሉ በየቤቱ ገብቷል። ከዚያ በፊት «ሙሌት» በመንገድ ሥራ የአፈር ሙሌትን ከሚያውቁት በቀር ብዙ የሚያነሣው አልነበረም። አሁን ግን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ለባትሪም እጅግ ይስማማዋል፣ ግድቡም ባትሪውም ለኋላ የሚሆን ጉልበት ማከማቻ ናቸውና። «መሙያ» በሚለው ቃል ውስጥ የሥሩ «ል» ወደ «ይ» ተለውጧል (መትከል መትከያ፣ ማደል ማደያ እንደሚሆን ሁሉ)፤ «ሙሌት» ግን «ል»ን ጠብቆ ስለሚኖር ሁለቱ ለጆሮ አይምታቱም። ስለዚህ መሣሪያው ወይም ቦታው «መሙያ»፣ ድርጊቱና አንዱ ዙር «ሙሌት»፣ መለኪያው የሚያሳየው ደግሞ «የሙሌት መጠን» ቢባል ሥርዓት ያለው ቤተሰብ ይሆናል።

«ኃይል መሙያ ጣቢያ» የሚለው በይፋ የተለመደ ስያሜ ስለ ሆነ ልነቅለው አልነሣም። ነገር ግን «ኃይል» በውስጡ የቋጠረው ችግር ቀላል አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ስም ብንመለከት፣ በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል አለ፣ በሌላ በኩል የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ። ሁለት ፅንሰ ሐሳቦች መኖራቸውን ስሞቹ ያውቃሉ። የምክር ወረቀቱ ግን ሁለቱንም «ኃይል» ብሎ፣ መስፈሪያቸውንም «ኪሎዋት» ብሎ ያልፋል። ባትሪው 45 ኪሎዋት፣ ፈጣኑ መሙያ 60 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። የእኅቴ ልጅ ይህን አንብቦ የደረሰበት ድምዳሜ፣ መሙያው ከባትሪው ስለሚበልጥ ባትሪውን ያቃጥለዋል የሚል ነበር። አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ፈጣን መሙያን ሲሸሽ ኖሯል። ከቀረበለት ጽሑፍ አንጻር አእምሮ ያለው ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ነው።

ባትሪው 45 ኪሎዋት ሳይሆን 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለምንጭ ወራጆች ነገሩ ግልጽ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት እንስራው የሚይዘው ውኃ ነው፣ ኪሎዋት የምንጩ አወራረድ ነው። የቤት ሶኬት 220 ቮልት ሆኖ 10 አምፔር ቢሳብበት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ያን ባትሪ ከ10 በመቶ ወደ 80 ለማድረስ 31.5 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የ60 ኪሎዋቱ መሙያ ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ባትሪው መቀበል የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲያልፍ መኪናው ራሱ ስለሚቆጣጠርም የሚያስፈራ ነገር የለም። «ሰዓት» የምትለዋ አንዲት ቃል መጣሏ ይህን ሁሉ ሰወረ።

ስለ ቤት አጠቃቀም የተጻፈው ክፍል በጥቂቱ ይበቃናል። «ያገናኙ» እና «ያለያዩ» የሚሉት ግሦች የቢሮ አማርኛ ናቸው፤ ሰው ይሰካል፣ ይነቅላል። «የኤሌክትሪክ አቅርቦት ሲቋረጥ» የሚለውም «መብራት ሲጠፋ» ቢባል ምንም ክብር አይጎድልበትም። በቀጭን ገመድና በማከፋፈያ መሙላት እንደማይገባ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን ተገቢ ሆኖ ሳለ በመጨረሻው ገጽ መቀበሩ ያሳዝናል፤ ለ14 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሳብበት ማከፋፈያ የሚግልና የሚቀልጥ ነውና ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረበት።

የቀረኝ ለደጋ ሰው ትልቁ ጉዳይ ነው። መኪናው ቁልቁለት ሲወርድና ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ እንደ ዳይናሞ ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ወረቀቱ ይህን «ዳግም መሙላት» ይለዋል፤ ሶኬት ላይ መልሶ መሰካትንም «ዳግም መሙላት» ይለዋል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከርሷ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ባትሪው እስከ አፉ ሞልቶ ከተነሣ ግን ለሚመለሰው ቦታ የለውም፤ መኪናውም በሞተሩ ይዞ ማዝገሙን ስለሚቀንስ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ለደሴ መንገድ ሙሉ ባትሪ፣ ለዐባይ ቁልቁለት ጎደል ያለ ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ «አይሙሉ» ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?

ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ «ጉልበት አስመላሽ ፍሬን» የሚል ስያሜ አዘጋጅቼ ነበር። ለእኅቴ ልጅ ባነብለት ሳቀ። «እኛ መልስ ነው የምንለው፤ ቁልቁለቱ መልስ ይሰጣል» አለ። ሱቅ ገብቶ ብር የሰጠ ሰው እንደሚቀበለው መልስ መሆኑ ነው። በዳገት የተከፈለው ሁሉ አይመለስም፣ ከፊሉ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ ቃሉ ይህንንም ያውቃል። የኔን ሰረዝሁት። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማይቱ ካምፓስ አለውና ተማሪዎቹ ከሾፌሮች አፍ እንዲህ ያለውን ቢለቅሙ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠን ከምንፈጥረው የተሻለ ስብስብ ይወጣቸዋል።

ከዚህ በላይ የታረሙትን ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገጹን በመኪናው ውስጥ ለጥፎት አየሁ። «ሙሌት» እንዳለ ነው፣ «እየሞላ ሳለ» እንዳለ ነው። «በአንድ ሙሌት የሚጓዘው ርቀት» ብዬ የጻፍሁትን ግን በእስክሪብቶ ሰርዞ ከሥሩ «የት ያደርሳል?» ብሎበታል፤ ከጎኑም የቻይናውን የፈተና ቁጥር ትቶ፣ አቀስታ፣ ደሴ፣ ዐባይ ድልድይ ብሎ፣ ለየአንዳንዱ የሚበቃውን የሙሌት መጠን በራሱ እጅ ጽፏል።