መርዶ ነጋሪው ስልክ

ጎረቤቴ እትዬ (ስማቸውን ልተወውና) የወንድማቸውን ሞት የሰሙት በስልክ ነው። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ማልደው ሊያረዷቸው ተቃጥረው ነበር። ዋሺንግተን ያለችው ልጃቸው ግን ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው አየችና ደወለች። እዚያ ቀትር ነው፤ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት። እትዬ ብቻቸውን ሽንኩርት ያቁላላሉ። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ሽንኩርቱ አርሯል፣ ስልኩ መሬት ላይ ወድቆ «እማዬ! እማዬ!» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ለምን አያጠፉትም?» አልኳቸው። «ካጠፋሁትማ ልጄ ምን ሆነች እያልኩ እንዴት ይተኛል?»

የዘመኑ ጭንቀት ይኸው ነው፤ ሲጠራ ያስደነግጣል፣ ዝም ሲል ያሳስባል።

አባቶቻችን ለመርዶ ሥርዓት ያበጁት በከንቱ አልነበረም። ክፉ ወሬ ሰዓት ነበረው፣ ማለዳ። ነጋሪ ነበረው፣ የተከበረ ሽማግሌ። ሰሚው ሲወድቅ የሚይዘው ጎረቤትም ቀድሞ ይሰበሰባል። አሁን ወሬው ብቻ መጣ፤ ሰዓቱም፣ ነጋሪውም፣ ደጋፊውም ቀሩ።

ኧረ ሁሉንም በስልክ አናሳብብ! ስልክ እዚህ አገር ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ። ሬሳው ሳይቀበር ፎቶ የምንለጥፈው እኛ ነን። እኩለ ሌሊት «እስቲ ደውልልኝ» ብለን ጽፈን፣ ምክንያቱን ሳንናገር ለጥ የምንለውም እኛው ነን። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 መልእክት መነበቡን የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክት ሲያመጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ማጥፊያ ጨመረበት። እኛ ግን «አይተህ ዘጋኸኝ» ብለን ወዳጅ እንቀየማለን። ለደብዳቤ ወር እንታገሥ ያልነበርን ይመስል፣ ለአንድ መልስ አሥር ደቂቃ አቃተን።

«ዝጋውና እረፍ» የሚሉ መካሪዎችም አሉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ስንቆይ ማን አረፈ? ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን እንቅልፍ አጥቶ ከረመ እንጂ። ዝምታ የሚያሳርፈው አስቀድመው ሲስማሙበት ነው።

እትዬና ልጃቸው አሁን ተስማምተዋል። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ትደውላለች፤ በሌላው ቀን ስልኩ ከጓዳ አይወጣም። ክፉ ነገር የሰማች እንደሆነ መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው። እኔ ሰው ይዤ፣ ማልጄ እሄዳለሁ።

እትዬ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀምሯል። ማታ ማታ ስልክ ሲጠራ የምደነግጠው አሁን እኔ ነኝ። ይሁን፤ መርዶ ነጋሪስ ድሮም ቢሆን ሸክሙን ተሸክሞ ያድር የለ?