የዋንዛ ኬዝ

ቢላም ሆነ ነቀምቴ፣ አሮጌ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ እጁ የገባ ሰው ኬዝ ፍለጋ ሸገር ድረስ መላክ የለበትም። አናጺ ቤት ጎራ ይበል። የወለጋ ዋንዛ ለመጋዝ የማያስቸግር፣ በደንብ ከደረቀ ብዙ የማይጣመም እንጨት ነው፤ ከበርና ከቁም ሳጥን የተረፈ ቁርጥራጭ ለአንድ ኬዝ ይበቃል።

ሙሉው የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። እንጨቱ ላይ አይለጠፍም፤ ከተጣለ ኬዝ በተነቀሉ አጫጭር የነሐስ ብሎኖች ላይ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ከጀርባው አየር እንዲያገኝ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መግቢያው ከታች፣ ማራገቢያው ከላይ በኋላ በኩል ይሆናል። መግቢያው ላይ የመስኮት ወንፊት ሽቦ ቢመታበት ከበጋው ቀይ አቧራ ትልልቁን ይይዛል። ፓወር ሰፕላዩ ግን ከነብረት ሽፋኑ ይግባ፤ ሽፋኑን መፍታት ነፍስ ያስከፍላል።

የእንጨት ኬዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ አፕል 1 ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሸጥ ኬዝ አልነበረውም፤ አንዳንድ ገዢዎች ከእንጨት ሠርተውለታል። ለእኔ ግን በመላጊያ የለሰለሰ ዋንዛ ቫርኒሽ ሲነካው የሚያወጣው ቡናማ መልክ ከየትኛውም የፋብሪካ ቆርቆሮ ይበልጣል። ቫርኒሹ ሳይደርቅ ብቻ ማብራት የለም፤ ማራገቢያው ሽታውን ቤቱ ውስጥ ይረጨዋል።