ማርሻል ዲለን ያለ መልኩ፦ የዊልያም ኮንራድ የትወና ሕይወት

ዊልያም ኮንራድ በአሜሪካ ሬዲዮ፣ ፊልምና ቴሌቪዥን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሠራ ተዋናይ ነው። በ1920 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ተወልዶ በካሊፎርኒያ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ካገለገለ በኋላ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች በእጅጉ ከሚፈለጉ ድምፆች አንዱ ሆነ። ድምፁ ጎርናና፣ ሰውነቱ ደንዳና ነበር። የሙያ ታሪኩ በአመዛኙ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለፈ ነው፤ አድማጭ በጆሮው የሣለውን ጀግና ካሜራ በዚያ ሰውነት ላይ ሊያየው አልፈለገም።

በፊልም የጀመረው በጥሩ ሁኔታ ነበር። ሮበርት ሲዮድማክ የሄሚንግዌይን አጭር ልቦለድ መነሻ አድርጎ በ1946 ባዘጋጀው «ዘ ኪለርስ» ኮንራድና ቻርልስ ማክግሮው ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት የሚዘልቁ ቅጥረኛ ገዳዮች ሆነው ተጫወቱ። ትዕይንቱን የሚያስፈራ ያደረገው ከመሣሪያው ይልቅ የንግግራቸው እርጋታ ነው። ሆሊውድ ግን ከዚህ የያዘው ሰውየው ለክፉ ገጸ ባሕርይ ይመቻል የሚለውን ብቻ ይመስላል።

ትልቁ ሥራው በ1952 በሲቢኤስ ሬዲዮ የተጀመረው «ገንስሞክ» ነው። አዘጋጁ ኖርማን ማክዶኔልና ደራሲው ጆን ሜስተን ያሰቡት ለልጆች የሚሆን የካውቦይ ጀብዱ ሳይሆን የአዋቂዎች ድራማ ነበር። በካንሳስዋ ዶጅ ሲቲ ሕግ የሚያስከብረው ማርሻል ማት ዲለን አንዳንዴ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሰው ሲገድልም የድል ስሜት የለውም። ኮንራድ ይህን ድካም ያሰማው ድምፁን ከፍ በማድረግ አይደለም፤ ዝግ ባለ ንግግርና በዝምታ ነው። በእንጨት ወለል ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻውን እንዲቆይ ዕድል ይሰጠዋል። ተዋናይ ለድምፅ ባለሙያው ቦታ መልቀቁ በሬዲዮ ትልቅ ችሎታ ነው።

በ1955 ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር ዲለንን ያገኘው ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመው ጄምስ አርነስ ነበር። የሬዲዮው ዝግጅት እስከ 1961 በመቀጠሉ አሜሪካውያን ለስድስት ዓመታት ሁለት ዲለኖች ነበሯቸው። ነገሩ ለኮንራድ አዲስ አልነበረም። በ1948 «ኢስኬፕ» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት የጉንዳን መንጋ የሚጋፈጠውን የእርሻ ባለቤት ሌይኒንገንን ተጫውቶ ነበር፤ ታሪኩ በ1954 «ዘ ኔክድ ጀንግል» በሚል ፊልም ሲሆን ሌይኒንገን የሆነው ቻርልተን ሄስተን ነው። ለኮንራድ የደረሰው የአካባቢው ሹም፣ አጃቢ ሚና ነበር። ይህን እንደ ግል በደል ብቻ ማየት ግን አይበቃም። የሬዲዮ ተዋናይ በሳምንት ውስጥ ሽማግሌም፣ ሽፍታም፣ ዳኛም ይሆናል፤ ስክሪኑ ግን አንድ መልክ ለአንድ ዓይነት ሰው ይመድባል።

ቴሌቪዥን መጀመሪያ የተቀበለውም ድምፁን ብቻ ነው። በ«ሮኪና ቡልዊንክል» የካርቱን ዝግጅት በጥድፊያ የሚያወራ ተራኪ ሆኖ በራሱ ግርማ ቀለደ። በፕሮዲዩሰሩ ኩዊን ማርቲን ድርጅት በተሠራው «ዘ ፊውጂቲቭ» (1963–1967) ደግሞ ሳይታይ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ሸሽቶ አዳሪ ሐኪም የማያውቀውን ሁሉ የሚያውቅ ተራኪ ሆነ። በ1965 ለዋርነር ብራዘርስ ሦስት የሥነ ልቦና ትሪለር ፊልሞችን አዘጋጅቷል፤ ከትወናው ጋር ግን አይወዳደሩም።

የሚገርመው፣ በ1971 በ«ካነን» መሪ ተዋናይ ያደረገው ያው ኩዊን ማርቲን ነው። የግል መርማሪው ፍራንክ ካነን ወፍራም፣ ምግብ አዋቂና ባለ ሊንከን መኪና ነው። ድራማው እስከ 1976 ዘለቀ፤ ሰውነቱ መለያው ሲሆን ድምፁ ግን በመኪና ማሳደድ መካከል ተራ መረጃ ማቀበያ ሆነ። ለተሰጥኦው የቀረበው በ1981 የተጫወተው፣ ከቤቱ እምብዛም ሳይወጣ በንግግር ወንጀል የሚፈታው ኔሮ ዎልፍ ነበር፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ተቋረጠ። ከ1987 እስከ 1992 የቆየው የመጨረሻው ታዋቂ ተከታታይ ድራማው «ጄክ ኤንድ ዘ ፋትማን» ውፍረቱን ከርዕሱ አስገብቶታል። ኮንራድ በየካቲት 1994 በሎስ አንጀለስ ሞተ፤ በ1997 ስሙ በአሜሪካ የሬዲዮ ዝነኞች መዝገብ ሰፈረ።