ስኮርታ የሌለው መንገደኛ

በአንድ ወዳጄ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ፣ ሞጆን አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። «ስኮርታውን አውጣ፣ እኔ ክሪኩን ልያዝ» አልኩት። «ስኮርታ የለውም፤ ፈሳሽ ነው ያለው» አለኝ። ፈሳሹን ብንሞላው ጎማው ድንጋይ በቀደደው ጎኑ በኩል መልሶ ተፋው።

በፈሳሹ አልፈርድም። የተሠራው ሚስማር መንገድ የሚረግጠውን የጎማውን ገጽ ሲበሳው ለምትፈጠር የጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። ጎኑ ከተቀደደ አይፈይድም። ቢይዝም ቀስ ብሎ እስከ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜውም ያልፋል፤ ስንቶቻችን ብልቃጡን ገልብጠን ቀኑን አይተናል?

አምራቾቹ ስኮርታውን ያስቀሩት ክብደት፣ ቦታና ወጪ ለመቆጠብ ነው። ስልክ ሲደወል ጎታች መኪና ከተፍ በሚልበት አገር ያስኬድ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥም ጎሚስታ አይጠፋምና ግድ የለም። ከከተማ ለሚወጣውስ? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኩ በዝቷል። ሻጩ ስለ ባትሪው ሲያወራ ይውላል፤ ስለ ስኮርታው ግን ትንፍሽ አይልም። ገዢውም አይጠይቅም። መኪናውን አስመጣን፣ ጎታቹን እዚያው ተውነው።

እኛን ያወጣን አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነው። በራሱ ክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታልንና ከነቸርኬው ይዞን ሞጆ ገባ። መንገድ ላይ ወዳጄን ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሚሊዮን ከፍለው አንድ ትርፍ ጎማ አጡ?» አለው። ምን ይመለሳል?

ወዳጄ ሐዋሳ እንደገባን ስኮርታ ገዛ። ስንመለስ ቦታ ጠበበና ሻንጣዬን ታቅፌ መጣሁ። አንድም ቃል አላጉረመረምኩም።