የፊኛ ልክ

ስለ ፊኛ መንፊያ የእጅ ፓምፕ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያመሰግነው ትንፋሽ ስለሚቆጥብና ጉንጭ ስለሚያሳርፍ ነው። እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ትንሹ ጥቅሙ ይህ ነው። ለልደት፣ ለምርቃት ወይም ለሰርግ አዳራሽ ዲኮር ለሚሠራ ሰው የእጅ ፓምፕ ዋና ሥራው መለካት ነው። እህል ነጋዴ በጣሳው እንደሚሰፍር ሁሉ ፓምፑም አየሩን እኩል እኩል እየቆረጠ ያስገባል። ፊኛው ምን ያህል እንደተነፋ፣ ቀጣዩ ከእሱ እኩል ይሁን አይሁን፣ አንገቱ ለመቋጠር የሚበቃ ልስላሴ ቀርቶለት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ይህን የተቀበለ ሰው መንፋትና መቋጠር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንዳልሆኑም መቀበል ይኖርበታል። ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጣት ሳይነካው፣ ገና ፊኛው ፓምፑ ላይ ሳለ ነውና።

ፓምፑን የዘመኑ ቅንጦት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። የጎማ ፊኛን መጀመሪያ የሠራው ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለሃይድሮጅን ሙከራው ሁለት ስስ የጎማ ቁራጮችን ደርቦ ጠርዛቸውን አጣበቀ፤ መሃሉ እርስ በርሱ እንዳይያያዝም ዱቄት ነሰነሰበት። በዓመቱ ቶማስ ሃንኮክ የተባለው የጎማ ባለሙያ ገዢው ራሱ የሚሠራውን ፊኛ ለገበያ ሲያቀርብ፣ በጥቅሉ ውስጥ የነበረው የተሟሟ ጎማ በጠርሙስና አየር መግፊያ ስሪንጅ ነበር። ፊኛ መጫወቻ ሆኖ ሲሸጥ ገና ከመነሻው የእጅ ፓምፕ አብሮት ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ ቅርጽ ማውጫውን ፈሳሽ ላቴክስ ውስጥ በመንከር የሚሠራው ፊኛ፣ በአሜሪካዊው ኒል ቲሎትሰን እጅ ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1931፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ሁሉ ክንዱ የሚያውቀው ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ይከብዳሉ፤ ከዚያ ጎማው በድንገት ይላላል፣ ሥራው ይቀላል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ እንደገና ይጠነክራል። (ምት የምለው ፒስተኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሲሄድ ነው።) ምክንያቱ የፊኛው ክብነት ነው። የተወጠረ ጎማ ክቡ ጠባብ ሲሆን ውስጡ ያለውን አየር አጥብቆ ይጫነዋል፤ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፣ ጎማውም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊቱ ጣሪያ የሚነካው ፊኛው ገና ትንሽ ሳለ፣ ከመነፋቱ በፊት የነበረውን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ነው። ተመልሶ የሚያሻቅበው ጎማው የመለጠጥ አቅሙን ሲጨርስ ነው። ይህን ለማየት አንዱን በጥቂቱ፣ ሌላውን በብዙ የተነፉ ሁለት ፊኛዎችን በቱቦ ማገናኘት ይበቃል። ብዙ ሰው እኩል ይሆናሉ ብሎ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ትንሹ አየሩን ለትልቁ እየሰጠ ይብሱን ይኮማተራል። ለሙያችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እጅ ላይ የሚሰማው ክብደት የመጠን ምልክት አይደለም። በመነሻውና በመጨረሻው መካከል ባለው ረጅም መንገድ ላይ ክንድ የሚናገረው ነገር የለም። እዚያ ላይ የሚያስተማምነው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ይሰላል። የፓምፑ በርሜል ውስጡ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ፒስተኑ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ፣ አንድ ምት 314 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይሰጣል። ሲገፉትም ሲስቡትም የሚነፋ ዓይነት ከሆነ መመለሻውም ይቆጠራል፤ ዘንጉ ቦታ ስለሚይዝ ጥቂት ያንሳል እንጂ። ባለ 11 ኢንች የሚባለው ፊኛ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲደርስ 11.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 37 ምት መሆኑ ነው። ያንኑ ፊኛ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ማቆም የፈለገ 8.2 ሊትር፣ ማለትም 26 ምት ይበቃዋል። በመጨመቅና በመተንፈስ የሚባክን ስላለ አንድ ሁለት ምት ሊጨመር ይችላል፤ ለሁሉም ፊኛ እኩል እስከሆነ ድረስ ለውጥ አያመጣም። እዚህ ላይ "ዓይኔ ይበቃኛል" ለሚሉ ባለሙያዎች መልስ አለ። በ25 እና በ28 መካከል ያለው የስፋት ልዩነት 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፊኛዎቹ ጎን ለጎን ካልተያዙ ዓይን ሊያልፈው ይችላል። በይዘት ግን ልዩነቱ 40 በመቶ፣ በፓምፕ 11 ምት ነው። ዓይን የሚጠራጠርበትን ቦታ ቁጥር አስፍቶ ያሳየዋል። ቢሳሳቱም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከ37 ምት አንዱን የዘለለ ሰው ፊኛው በስፋት የሚያንስበት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ካርቶን ላይ ክብ ቀድዶ ፊኛውን እያሳለፉ መለካት የቆየ ዘዴ ነው፤ ጥሩም ነው። ነገር ግን ካርቶኑ የሚናገረው ከተነፋ በኋላ ነው፤ የበዛውን ማስተንፈስ፣ ያነሰውን መልሶ ፓምፕ ላይ መስቀል ያመጣል። ካርቶኑን ለመጀመሪያው ፊኛ ተጠቅሞ ምቱን መቁጠር፣ ለቀሩት ቁጥሩን መከተል ይሻላል።

በአገራችን ቁጥሩ ሌላ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አዳማ ወደ 1,600 ሜትር አካባቢ ትወርዳለች። አዳማ ተነፍቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ፊኛ ላይ የውጭው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። እስከ ጥግ የተነፋ ከሆነ ሰርጉ ቦታ ሳይደርስ መኪና ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ በተቃራኒው የወረደው ደግሞ ይሟሽሻል። ስለዚህ ሽቅብ ለሚጓዝ ፊኛ ከሙሉው ምት ጥቂት መቀነስ ነው። በትንፋሽ ወይም በግምት የሚነፋ ሰው ይህን ቅናሽ በምን ይለካዋል?

ስለ ትንፋሽ ከተነሳ፣ "ሳንባ ነጻ ነው፤ ለአሥር ፊኛ ፓምፕ መግዛት ለምን?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለጥራቱ ሲባል ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ከሳንባ የሚወጣ አየር ሞቃትና በተን የጠገበ ነው፤ ፊኛው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ተኑም ወደ እርጥበት ይለወጣል። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጎማን ከናይትሮጅን ይልቅ ፈጥኖ አልፎ ይወጣል። ማታ በአፍ የተነፋ ፊኛ ጠዋት ልሞ የሚገኘው ያለምክንያት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የልጆች ጉዳይ ነው። ልጅ ያልተነፋ ፊኛ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመንፋት አየር ወደ ውስጥ ሲስብ፣ ጎማው ተከትሎ ጉሮሮው ሊገባ ይችላል። ስስና ተለጣጭ ስለሆነ የአየር ቧንቧውን ይዘጋዋል፤ በጣት ለማውጣትም አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የወጣው የልጆች ደኅንነት ሕግ የላቴክስ ፊኛ ማሸጊያ ላይ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሊታነቁ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲኖር ያስገድዳል። በአውሮፓ የሚሸጡ ፊኛዎች ማሸጊያ ላይ ደግሞ በፓምፕ እንዲነፉ የሚመክር ቃል ይታያል። ፓምፕ ባለበት ቤት ልጅ ትልልቆቹ ፊኛ ወደ አፋቸው ሲወስዱ አያይም፤ ስለዚህ አይቀዳም። በእርግጥ ፓምፑ የፈነዳውን ቁራጭ ከመሬት አያነሳም፤ እሱን ወዲያው መልቀም የአዋቂው ኃላፊነት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የኤሌክትሪክ መንፊያው ነው። በመቶ የሚቆጠር ፊኛ የሚጠይቅ ቅስት በእጅ ፓምፕ ልሥራ የሚል ሰው ጊዜውንም ትከሻውንም ይጎዳል፤ እዚያ ላይ ማሽኑ ያሸንፋል፣ መከራከር አያስፈልግም። በጊዜ መቁጠሪያ የሚሠሩትም መጠንን በሰከንድ ይለካሉ። ያም ሆኖ ማሽኑ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ፣ ጩኸት በማይፈለግበት የሕሙማን ክፍል፣ ወይም በሜዳ ላይ ዝግጅት የእጅ ፓምፕ ብቻውን ይቀራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንስሳና አበባ የሚጠማዘዝበት ረጅሙ ፊኛ አለ። 260 የሚባለው ሲነፋ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ርዝመት አለው፤ አየሩ 3 ሊትር ያህል፣ ማለትም በላይኛው ፓምፕ 10 ምት ገደማ ነው። ቱቦው ጠባብ በመሆኑ ለመጀመር የሚጠይቀው ግፊት ከክቡ ፊኛ ይበልጣል፤ ለዲኮር የተሠሩት ተራ የኤሌክትሪክ መንፊያዎች ብዙ ጊዜ አይከፍቱትም። በርሜሉ ቀጠን ያለ የእጅ ፓምፕ ግን ክንድ የሰጠውን ጉልበት በትንሽ ገጽ ላይ ሰብስቦ ይከፍተዋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጥምዘዛ አየሩን ወደ ጭራው ስለሚገፋው ባዶ ጭራ ማስቀረት ግድ ነው። ውሻ የሚሠራ ብዙ ጥምዘዛ ስላለው ረዘም ያለ ጭራ ይተዋል፤ ሰይፍ የሚሠራ አጭር። 10 ምት የሚይዘውን በ8 ማቆም የሚቻለው ምቱ ሲቆጠር ነው።

አሁን ወደ አንገቱ። ፊኛ ትከሻው ላይ ጎማው ወፍሮ ወደ አንገት ይጠባል፤ ጫፉ ላይ የተጠቀለለ ከንፈር አለ። ቋጠሮው የሚይዘው ተለጥጦ የተጠመጠመው አንገት ወደ ቦታው ለመመለስ ሲሞክር ራሱን ስለሚያንቅ ነው፤ ጎማ ከጎማ ጋር ያለው ጥብቅ መያያዝ ደግሞ እንዳይንሸራተት ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው አንገቱ ውስጥ አየር ከሌለ ነው። ፊኛው ከልኩ ካለፈ ትከሻው ያብጥና ክብነቱ ወደ ዕንቁላልነት፣ ከዚያም ወደ አምፖልነት ይሄዳል፤ አየሩ አንገቱን ይወጥረዋል፣ ለመጠምጠሚያ የሚቀረው ጎማ ያጥራል። በዚህ ጊዜ ጀማሪ ጣቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከሁለትና ከሦስት ምት በፊት የተሠራ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከመቋጠር በፊት ትንሽ አየር ማስተንፈስ። ጥቂቷ አየር ስትወጣ ትከሻው ይለሰልሳል፣ አንገቱ ይረዝማል። ቋጠሮውን ወደ ከንፈሩ በጣም ማራቅ ከታች ያበጠ አንገት ያስቀራል፤ ወደ ሆዱ በጣም ማስጠጋት ደግሞ የተወጠረውንና የሳሳውን ጎማ ማነቅ ነው፣ እዚያው ይቀደዳል። ትክክለኛው ቦታ ትከሻው አልቆ አንገት የሚጀምርበት ነው።

በጣት የሚቋጥሩ ሰዎች አንገቱን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ጠምጥመው ከንፈሩን በመካከላቸው ያሾልካሉ። ብዙ በሠሩ ቁጥር የጣት ቆዳ በጎማው ይላጣል። በአንዳንድ ፓምፖች ላይ የምትገኘው ስንጥቅ ያላት ጣት መሰል ዘንግ ይህን ትተካለች፤ አንገቱን ይጠመጥሙባታል፣ ከንፈሩን በስንጥቋ ያሳልፋሉ፣ ከዚያ ይጎትቱታል። ይህን መሣሪያ የእጅ ሙያን ያደክማል የሚሉ አሉ። አልስማማም። በጣት መቋጠር ለማይችሉ፣ መገጣጠሚያቸውን ለሚያማቸው አረጋውያንና ጣታቸው ለሚደክም ልጆች መሣሪያው በሩን ይከፍታል፤ ሙያም የሚያድገው ሠሪ ሲበዛ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ጣት ይበልጣል። ለቅስት ሁለት ፊኛን አንገት ለአንገት ጠምጥሞ ማሰር ሲያስፈልግ ስንጥቋ ታዘገያለች፤ እዚያ ላይ ሁለቱን አንገቶች ስቦ እርስ በርስ መቋጠር ይፈጥናል። ስንጥቋ ጠርዟ ስለት ከሆነም ከንፈሩን ትቀድዳለች፤ ሲገዙ በጥፍር ዳስሶ ማየት፣ ሻካራ ከሆነች በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው።

በእጅ ፓምፕ የተነፋ ፊኛ አይበርም የሚሉ ይኖራሉ። አይበርም፤ እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየውም። ሂሊየም ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ አንዴ ካመለጠ የማይመለስ ጋዝ ነው። በርካሽ የሚተኩት ተቀጣጣይ ጋዞች ያስከተሉትን አደጋ ደግሞ የሬቫን አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 በአርሜኒያ ዋና ከተማ በተደረገ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ በጋዝ የተሞሉ ፊኛዎች ፈንድተው ከ140 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። አየር አይቃጠልም፤ በአየር የተሞላ ፊኛም ከበዓሉ በኋላ እዚያው ስለሚገኝ ተሰብስቦ ይጣላል።

ርካሽ የፕላስቲክ ፓምፕ ቶሎ ይበላሻል የሚለው ቅሬታ ግን ትክክል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ፒስተኑን የሚዞረው የጎማ ቀለበት ነው፤ ሲደርቅ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ምቱም ልኩን ያጣል። ጥቂት የሲሊኮን ግራሶ ያድነዋል፤ የሞተር ግራሶ ወይም የምግብ ዘይት ግን ወደ ፊኛው አልፎ ላቴክሱን ያበሰብሰዋል። አምራቾችና አስመጪዎች ሊያሟሉት የሚገባ ነገርም አለ፤ የአንድ ምት መጠን በሚሊ ሊትር በርሜሉ ላይ ይጻፍ። እስኪጻፍ ድረስ ግን ባለፓምፑ ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ባልዲ ውሃ ውስጥ በአፉ መድፋት፣ ከፓምፑ አፍ ቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ማስገባት፣ ከዚያ ውሃው ሙሉ በሙሉ በአየር እስኪተካ እየቆጠሩ መንፋት ነው። 2,000 ለተቆጠረው ምት ሲካፈል የአንዱ ምት ልክ ይወጣል፤ በማይለቅ ቀለም በርሜሉ ላይ ይጻፉት፣ ቀለበቱን በቀየሩ ቁጥርም እንደገና ይለኩት።