የቤተሰብ አልበምና የቡና ሰዓት በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች የሚገኘው የቤተሰብ አልበም፣ ማለትም የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና የዒድ ፎቶግራፎች የሚለጠፉበት ጥራዝ፣ ከፍ ያለ አድናቆት ይገባዋል፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በጋብቻ በተዛመዱበት በወሎ ምድር የሁለቱም እምነት በዓላት በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉና። ፎቶግራፎቹን የመለጠፉ ሥራ ጊዜ የሚፈጅ ቢሆንም፣ እናት ከአቦል እስከ በረካ፣ ማለትም ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው የቡና ዙር፣ ከቤተሰቧ ጋር ስታከናውነው አያት የዘመዶችን ስም እየጠሩ፣ ልጅም በፎቶው ጀርባ ስምና ዓመተ ምሕረት እየጻፈ ስለሚያግዟት፣ ለአልበሙ ያላት ፍቅር የቤቱን ጊዜ አይሻማም። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አልበሙም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ገጾቹን በስልክ አንስቶ በሌላ ከተማ ላለ ዘመድ መላክ ዛሬ የዚህ ውብ ልማድ ተገቢ አካል ነው።