ሽማግሌው የሌለበት አልበም

ዴፔሽ ሞድ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን ለእስራኤል እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በራማት ጋን ስታዲየም፣ በ2013 ደግሞ በቴል አቪቭ በፓርክ ሃያርኮን ተጫውቷል። ያን ጊዜ ከመድረኩ ከነበሩት ሦስት ነባር አባላት አንዱ፣ አንድሪው ፍሌቸር፣ በ2022 በ60 ዓመቱ አረፈ። ስለዚህ በማርች 2023 የወጣው 15ኛው አልበም፣ «ሜሜንቶ ሞሪ»፣ የድምፃዊው የዴቭ ጋን እና የዋናው ደራሲ የማርቲን ጎር፣ የሁለት ሰዎች ሥራ ሆኗል።

ርእሱ ላቲን ሲሆን «ሟች መሆንህን አስታውስ» ማለት ነው። ለፍሌቸር የወጣ ቢመስልም፣ የተመረጠው እሱ ሳይሞት ነው። አልበሙን እንደ ሙሾ የሚያዳምጥ ሰው እንግዲህ ይሳሳታል።

ቡድኑ ከዚህም በፊት ሰው አጥቷል። ቪንስ ክላርክ በ1981 ሲወጣ የድርሰቱ ሥራ በጎር ላይ ወደቀ፤ ቀላል የነበረው የዳንስ ዜማም እየጨለመ ሄደ። አለን ዊልደር በ1995 ሲለይ ደግሞ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደርብ እጅ ጠፋ፤ ጉድለቱ ለማንም ጆሮ ይሰማ ነበር። የፍሌቸር ግን ሌላ ነው። ዘፈን አልደረሰም፣ በመሣሪያም ቢሆን ድርሻው ትንሽ ነበር። ሥራው ሁለቱ ሲኳረፉ መሐል መግባት ነበር፤ በእኛ አነጋገር ሽማግሌያቸው ነበር ማለት ነው። ሽማግሌ ሲሞት ባለጉዳዮቹ ወይ ይለያያሉ፣ ወይ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ።

ቀረጻው የተጀመረው ከሞቱ በኋላ ነው። ጋን እና ጎር ተነጋግረዋል ብለን የምናምነው በዚሁ አልበም ነው። «ዋጊንግ ታንግ» የሁለቱ የጋራ ድርሰት ነው፤ ይህ በእነርሱ ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ጎር ከሪቻርድ በትለር ጋር የደረሰው «ጎስትስ አጌን» ስለ ሞት እየተናገረ ዜማው ግን ቀላል፣ ፈካ ያለ ነው። በአንቶን ኮርባይን ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሁለቱ ቼዝ ሲጫወቱ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ማንም የለም። ለቅሶ ቤት ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማልቀስ ለለመድን ይህ ዝምታ መጀመሪያ ቀዝቃዛ መስሎን ነበር።

ሁሉም ግን አልሰመረም። «ካሮላይንስ መንኪ» አብዛኛው ሰው ዘሎ የሚያልፈው ነው፤ መክፈቻው «ማይ ኮስሞስ ኢዝ ማይን»ም ክብደቱ ከዜማው ይበልጣል። መዝጊያው «ስፒክ ቱ ሚ» ግን ጋን በለስላሳ ድምፅ «አናግረኝ» ብሎ የሚለምንበት ነው፤ ከኋላው የኤሌክትሮኒክ ጩኸቱ እየጨመረ እየጨመረ ይመጣና ቃሉን ይውጠዋል።